11 ማይል በ3 ቀን፦ ከጋሼ ጋር በሜሪላንድ 34

መጀመሪያ ስለ ጋሼ ልንገራችሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ 78 ዓመታቸው ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከ1959 እስከ 1993 አውራ ጎዳና ነው የሰሩት፣ የግሬደር ረዳት ሆነው ገብተው ፎርማን ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። አብዛኛውን ጊዜ ከደብረ ብርሃን እስከ ደብረ ሲና ጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ ነበሩ። ለሁለት ወር እኛ ጋ ሲልቨር ስፕሪንግ ሊጠይቁን መጡና እኔም እንደማንኛውም ዲያስፖራ ኋይት ሃውስ፣ የሊንከን መታሰቢያ፣ አውትሌት ሞል ምናምን አዞርኳቸው፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው አያዩም፣ አይናቸው አስፋልቱ ላይ ነው። ቤልትዌዩ (ዲሲን የሚዞረው ቀለበት መንገድ) ላይ ሰው ሁሉ እየበረረ እሳቸው "ይሄ መገጣጠሚያ ሬንጅ አልጠጣም" ይላሉ። ሊንከን ጋ ስንደርስ ደግሞ ደረጃውን ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ሲፈትሹ ጠባቂው ራሱ ግራ ገብቶት ቆሞ አያቸው።

አንድ ማታ ቡና ላይ "ትልቁን መንገድ አየሁት፣ ገበሬው የሚሄድበትን አሳየኝ" አሉኝ። እኔ እንግዲህ እንጀራዬ ሹፍርና ነው፣ በቀን 200 ማይል እነዳለሁ፣ ግን ከኤርፖርትና ከዲሲ ውጪ ስለየትኛውም መንገድ ብትጠይቁኝ ኤግዚት ቁጥሩን ብቻ ነው የማውቀው። ካርታ ላይ ስፈልግ ሜሪላንድ 34 የምትል ቀጭን መስመር አየሁ፣ ከቡንስቦሮ ተነስታ በኪዲስቪልና በሻርፕስበርግ አድርጋ ፖቶማክ ወንዝ ላይ የምታልቅ፣ ጠቅላላ 11 ማይል ግድም፣ ማለትም 18 ኪሎ ሜትር። ጋሼ ደግሞ አውራ ጎዳና የሰሩት በትክክል 34 ዓመት ነው። ቁጥሩን ሲሰሙ ሳቁና "በቃ እሷ ናት" አሉ። ባለቤቴ "11 ማይል ለማየት ሶስት ቀን?" ብላ ሳቀችብን፣ ግን ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሸኘችን።

አርብ፣ ኦክቶበር 18፦ እስከ ቡንስቦሮ

ከሰዓት በኋላ ወጣን። 270 የሚባለውን ትልቁን መንገድ እዝለለዋለሁ፣ አርብ ማታ 270 ላይ የነዳ ሰው ያውቀዋል። ፍሬድሪክ ስንደርስ ጂፒኤሱ በኢንተርስቴት 70 ሂድ ቢለኝም እምቢ ብዬ አሮጌውን 40 ያዝኩ፣ እዚህ "40 አልተርኔት" የሚሉትን። ይሄ መንገድ ድሮ ከባልቲሞር ወደ ምዕራብ የሚሄደው ዋና መንገድ ነበር፣ ጋሪውም ከብቱም ፖስታውም በሱ ነው ያለፈው። ሚድልታውንን አልፈን ሳውዝ ማውንቴን የሚሉትን ተራራ በተርነርስ ጋፕ በኩል ስንወጣ እኔ ኩራት ቢጤ ይዞኝ "ጋሼ ይሄ ተራራ ነው እንግዲህ" አልኳቸው። በመስኮት አዩና ዝም አሉ። ከፍታው 330 ሜትር ግድም ነው ብላቸው "ከባህር ጠለል? እኛ እኮ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 በላይ ነው ግሬደር ያቆምነው፣ ይሄማ ደረጃ ነው" ብለው ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ስለ ጣሊያን ዋሻው ጀመሩ፣ ወደ 600 ሜትር የሚሆነው፣ ውስጡ ውሃ እየተንጠባጠበ መብራት የሌለው መኪና ከወዲያ ሲመጣ ልብ እንዴት እንደሚቆም። ቁልቁለቱን እስክንጨርስ ዋሻ ውስጥ ነበርን።

መንገድ ዳር የድሮ የማይል ድንጋዮች አሉ፣ ከጉልበት በታች የሆኑ፣ ላያቸው ላይ ባልቲሞር ስንት ማይል እንደቀረ የተቀረጸባቸው፣ እዚህ አካባቢ ስልሳ ምናምን ይላሉ። ለማየት ሶስት ጊዜ አቆምኩ። ሶስቴም ከኋላ ያለው ክላክስ አደረገብኝ።

አሁን ቁም ነገሩ ቡንስቦሮ ላይ ነው። ከተማዋን በ1792 ቡን የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው የቆረቆሯት። ከዚህ እስከ ሄገርስታውን ያለው 10 ማይል በአሜሪካ ምድር መጀመሪያ በማካዳም ዘዴ የተሰራ መንገድ ነው፣ ያለቀው በ1823። እሱ ከመሰራቱ በፊት በብርዱ ወራት የመንገደኛ ሠረገላ ያንን 10 ማይል ለመጨረስ ከ5 እስከ 7 ሰዓት ይፈጅበት ነበር፣ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ማካዳም የስኮትላንድ ሰው ነው፣ ያመጣው ነገር ደግሞ ሲሰሙት ቀላል ነው፣ ትልልቅ ድንጋይ ከስር መደርደር ትተህ ሁሉንም በትናንሹ ፍለጠው፣ ንብርብር አድርገህ ጠቅጥቀው፣ ውሃው ወደ ጎን ይውረድ። እዚህ ያለው ሥራ ላይ ከላይ የሚነጠፈው እያንዳንዱ ጠጠር ክብደቱ ከ6 አውንስ እንዳይበልጥ ወይም በ2 ኢንች ቀለበት ውስጥ እንዲያልፍ ታዘዘ፣ 170 ግራም፣ 5 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሰዎች ቁጭ ብለው በመዶሻ ፈልጠው፣ በቀለበት እያሳለፉ። ሶስቱንም ንብርብር ደግሞ ጋሪ እስኪጠቀጥቀው አልጠበቁም፣ በብረት ሮለር ነው የሄዱበት።

ይሄን ለጋሼ ሳነብላቸው (ስልኬ ላይ አይቼ ነው፣ አዋቂ አትበሉኝ) ፊታቸው ተለወጠ። "ቀለበቷን እኛም ነበረችን" አሉ። ጀማሪ ሆነው ሲገቡ ያሰለጠኗቸው ፎርማን የያዙት ከሽቦ የተጠማዘዘ ቀለበት ነበረ፣ ገረጋንቲ የሚያቀርበው ኮንትራክተር ሲያጭበረብር ከክምሩ አንድ ድንጋይ አንስተው በሽቦዋ ሞክረው ካላለፈ መኪናውን ይመልሱታል። ፎርማኑን ያሰለጠኗቸው ደግሞ አሜሪካኖች ናቸው። ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም፣ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1951 በነሱ አቆጣጠር ሲቋቋም ያደራጁት የአሜሪካ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፣ ከዓመት በፊትም ዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሯል፣ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያዎቹ አንዱ። እናም ያቺ ቀለበት ከዚህ ሠፈር ተነስታ ጣርማ በር ሳትደርስ አልቀረችም ብለው ጋሼ ደመደሙ። ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን አልተከራከርኩም።

እራት ላይ ጉድ ሆነ። አርብ ነው፣ ጋሼ ይጾማሉ። መንገድ ዳር አንዲት ዳይነር ገባን፣ ሜኑውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው፣ ያለ ስጋ ያለ ቅቤ ያለ አይብ የሚባል ነገር የለም። አስተናጋጇ ጥሩ ልጅ ናት፣ "ባቄላ አለን፣ አትክልት ነው" አለችኝ፣ አመጣች፣ ጋሼ አማትበው ማንኪያቸውን ሲያስገቡ ቤከን ይዞ ወጣ። "ይሄ ምንድነው?" አሉኝ። ምን ልበል? እንደ ቀልድ ሳህኑን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ የድንች ጥብስ ብቻ አዘዝኩላቸው፣ ከነጉርሻው 31 ዶላር ወጣብን፣ እሳቸው ግን እራታቸውን በትክክል የበሉት ማረፊያው ክፍል ገብተን ድፎውን ሲቆርሱ ነው። ክፍሉ 140 ዶላር ከታክስ ጋር፣ ሁለት አልጋ ብዬ ያዘዝኩት አንድ አልጋ ሆኖ ጠበቀኝ፣ እኔ ሶፋ ላይ አደርኩ። አንገቴ እስካሁን አልተመለሰም።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ዋሻው፣ ፖሙ፣ ዲቹ

በጠዋት ከተማዋ ጀርባ ተራራው ላይ ያለውን የዋሽንግተን ሃውልት ለማየት ወጣን። ከድንጋይ ብቻ የተካበ፣ ቅርጹ የኛን የጠላ ጋን የሚመስል ነገር ነው። በ1827 ጁላይ 4 የከተማው ሰው ተሰብስቦ ወጥቶ በአንድ ቀን 15 ጫማ ያህል ካበው፣ ለጆርጅ ዋሽንግተን የተሠራ ተጠናቆ የቆመ የመጀመሪያው ሃውልት ይሄ ነው። በኋላ ፈራርሶ በ1930ዎቹ ነው እንደገና የተሰራው። ጋሼ "ደቦ ነው" አሉ፣ በቃ፣ ወረድን።

34 የምትጀምረው ከተማው መሃል ከአሮጌው 40 ተገንጥላ ነው። ነጭ ታርጋ የመሰለ ምልክት ላይ ሜሪላንድ ተብሎ 34 ተጽፏል። ጋሼን ስሩ አቁሜ ፎቶ አነሳኋቸው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ ልክ የድሮ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ላይ እንዳለው ሆነው። ከዚያ የመኪናውን ማይል ዜሮ አስደረጉኝ።

አንድ ማይል ሳንሄድ ክሪስታል ግሮቶስ የሚባል ዋሻ አለ። ይሄንንም መንገድ ነው የወለደው። በ1920 ለመንገድ ሥራ የኖራ ድንጋይ ሲያወጡ መቦርቦሪያው ድንገት ባዶ ውስጥ ገባ፣ ሲያዩት ከስር ዋሻ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለጎብኚ ተከፈተ። ውስጡ ክረምት ከበጋ 54 ፋራናይት ነው፣ 12 ዲግሪ ግድም፣ ጣሪያው ላይ የድንጋይ ጥርስ ተንጠልጥሏል። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ጋሼ ራሳቸውን አንዴ መቱ፣ ኮፍያቸው አዳናቸው። አስጎብኚው ወጣት ቀለማቱንና ቅርጾቹን ሲያሳየን "ጠይቅልኝ" አሉኝ፣ "ዋሻውን ካገኙ በኋላ ድንጋዩን ከየት አመጡ?" ልጁ ሳቀ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም አለ።

ከዋሻው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ፖም በፌስታል፣ ዱባ፣ ማር፣ ሻጭ የለም፣ ቀዳዳ ያለው የብረት ሳጥን ብቻ። ፖሙ 5 ዶላር። ጋሼ ዞር ዞር ብለው አዩ፣ "ባለቤቱስ?" ሳጥኑ ውስጥ ነው የምንከተው ስላቸው አላመኑም፣ አምስቷን ዶላር ራሳቸው ነበሩ የከተቱት፣ ከዚያ መኪና ውስጥ ሆነው ሌላ ሰው መጥቶ ይከፍል እንደሆነ ለማየት አስር ደቂቃ አስጠበቁኝ። አንዲት ሴትዮ መጣች፣ ዱባ ወሰደች፣ ከፈለች። "እህ" አሉ። ሂድ አሉኝ።

አሁን ጥፋቱ የኔ ነው። ኪዲስቪል ልንገባ ስንል ጋሼ አንድ የውሃ ቱቦ አይተው "ቁም ቁም" ሲሉኝ ወደ ቀኝ አወጣሁ። 34 አብዛኛው ቦታ ላይ ይሄ ነው የሚባል ሾልደር የላትም፣ ነጩ መስመር ካለቀ ሳር ነው። ሳሩ ላይ የወደቀው ቅጠል ሜዳ አስመስሎት ነበር፣ ቅጠሉ ስር ዲች (የውሃ መውረጃ ቦይ) ነበረ። የፊት ቀኝ ጎማ ጭልጥ ብሎ ወረደ፣ መኪናው አጎነበሰ፣ ፌስታሉ ተፈቶ ፖሙ ሁሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እኔ ልቤ ቆሟል፣ ጋሼ በሩን ከፍተው ወጥተው ዲቹን እያዩ "ጥልቀቱ ልክ ነው፣ በደንብ ነው የቆፈሩት" አሉ። ኧረ ጋሼ!

መጎተቻ መኪና ደወልኩ፣ ሁለት ሰዓት ጠብቅ፣ 185 ዶላር አሉኝ። አስር ደቂቃ ሳይሆን ከማዶ እርሻ ትራክተር የሚነዳ ሽማግሌ አየንና መጣ፣ ምንም አልጠየቀም፣ ሰንሰለት አውጥቶ አሰረ፣ በሁለት ደቂቃ ወጣን። ከሱ ጋር ሲያስሩ ጋሼና ሰውዬው ቋንቋ ሳይኖራቸው ተግባቡ፣ አንዱ እጁን ሲያነሳ አንዱ ይስባል። 40 ዶላር ብሰጠው እምቢ አለ፣ ጋሼ ቆሎውን ከነፌስታሉ ሰጡት። ሰውዬው እፍኝ ይዞ አየና "ለወፎቹ ነው?" አለኝ። ለሰው ነው አልኩት። ቃመ፣ አኘከ፣ ደጋግሞ ቃመ፣ ፌስታሉን ይዞ ሄደ። ወፎቹ የሚደርሳቸው አይመስለኝም።

ኪዲስቪል ራሷ ትንሽ ናት፣ 34 አሁን ዋናውን መንደር በጎን ነው የምታልፈው፣ የድሮው መንገድ ግን ቤቶቹ መሃል ነው። ድሮ ስሟ ሴንተርቪል ነበር፣ በዚህ ስም ብዙ ከተማ ስላለ ፖስታ እየተምታታ አስቸገረ፣ ስም ይቀየር ብለው ማመልከቻ ሲጽፉ ከፈረሙት አብዛኞቹ ኪዲ የሚባሉ ሰዎች ስለነበሩ በነሱ ተሰየመ ነው የሚባለው።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ሻርፕስበርግ

ከኪዲስቪል በኋላ መንገዷ ትወርድና አንቲታም የምትባል ትንሽ ወንዝ ትሻገራለች። ስፋቷ ከኛ የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ብዙም አይበልጥም። በ1862 ሴፕቴምበር 17 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ የሰሜንና የደቡብ ጦር ተገናኝተው በ12 ሰዓት ውስጥ 23,000 ያህል ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። በአሜሪካ ታሪክ በአንድ ቀን ብዙ ደም የፈሰሰበት ቀን ነው። በኛ መስከረም 8 ቀን 1855 ማለት ነው። ያኔ እኛ ጋ አጼ ቴዎድሮስ ነበሩ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ያንን ደብዳቤ የጻፉት በዚያው ሰሞን ነው፣ ጋሼ ግን ወዲያው ያነሱት ሴባስቶፖልን መቅደላ ለማውጣት ንጉሡ ያስጠረጉትን መንገድ ነው። "ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር" አሉ። ስለ ንጉሥ ሳይሆን ስለ ሥራ ባልደረባቸው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት።

የዛን ቀን ይቺ የኛ 34 "ቡንስቦሮ ፓይክ" ነበር ስሟ። አሁንም ምልክቱ ላይ ፓይክ ይላል፣ ከሻርፕስበርግ ወዲያ ደግሞ ሼፐርድስታውን ፓይክ። ቃሉን ሁሌ አየዋለሁ፣ ሮክቪል ፓይክ ላይ ስንቴ ሰው አድርሻለሁ፣ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት ግን አሁን ነው፣ መንገዱ ላይ ተጋድሞ የሚዞር እንጨት ነበር፣ ሳንቲም ስትከፍል ያዞሩልሃል፣ ታልፋለህ። ኬላ ነው በቃ። መንገዱን የሚሰሩት የግል ኩባንያዎች ነበሩ፣ ቀረጡን ይሰበስባሉ። ሜሪላንድ የመንገድ ኮሚሽን ያቋቋመው በ1908 ነው፣ ከዚያ ወዲህ ነው የኬላ መንገዶቹን እየገዛ ወደ መንግሥት ያዞራቸው። "እኛ ኬላ ቆመን አሳልፈን አናውቅም" አሉ ጋሼ፣ "ኬላው ላይ የቆመው ግን ሁልጊዜ ከኛ ይበልጥ ይበላ ነበር።"

ለመኪና 20 ዶላር ከፍለን ጦር ሜዳውን ዞርን፣ ትኬቱ ለሶስት ቀን ያገለግላል፣ በዚህ ዘመን 20 ዶላር ሁለት ሳንድዊች አይገዛም። መድፍ፣ የእንጨት አጥር፣ በቆሎ። ጋሼ ብዙ አላወሩም። ብዙ የቆየነው እዛው 34 ዳር ሻርፕስበርግ መግቢያ ላይ ያለው የወታደሮች መካነ መቃብር ጋ ነው፣ 4,776 የሰሜን ወታደሮች ያሉበት። ደቡቦቹን እዚህ አልቀበሯቸውም፣ ሄገርስታውን፣ ፍሬድሪክና ሼፐርድስታውን ነው የወሰዷቸው። ብዙዎቹ ድንጋዮች ስም የላቸውም፣ ከመሬት ትንሽ ብቅ ያለ አራት ማዕዘን ላይ ቁጥር ብቻ። መሃል ላይ ከነመቆሚያው 44 ጫማ የሚሆን የድንጋይ ወታደር ቆሟል፣ 250 ቶን፣ ሰዉ "ሽማግሌው ሳይመን" ይለዋል። ወገቡ ላይ መገጣጠሚያ አለው፣ ለሁለት ተከፍሎ ነው የመጣው፣ በመንገድ ላይ ከወገብ በላይ ያለው ክፍል ውሃ ውስጥ ወድቆ ወራት ቆይቷል። የተመረቀው በ1880። ጋሼ ወገቡን ለማየት አንገታቸውን ሰብረው ቆዩና "ማነው ኃላፊው የነበረ? አባረሩት?" ብለው ጠየቁ። እውነት ለመናገር እኔም ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ከተማው ውስጥ ደግሞ ጎብኚ ብዙም የማይቆምባት ቤተክርስቲያን አለች፣ ቶልሰንስ ቻፕል፣ ቁመቷ እዚህ ግባ የማይባል የእንጨት ቤት። ከጦርነቱ በኋላ በ1866 ጥቁሮቹ የሰሯት ናት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነጻ ለወጡት ሰዎች ልጆች ትምህርት ቤት ሆነች። ከውጊያው 5 ቀን በኋላ ሊንከን የባሪያ ነጻነት አዋጁን የመጀመሪያ ረቂቅ አወጀ፣ ከጃኑዋሪ 1፣ 1863 የሚጸና፣ ግን አዋጁ አማጺ ለሆኑት ግዛቶች ስለነበር ሜሪላንድ ውስጥ ያሉትን አልነካም፣ እነሱ የተፈቱት ስቴቱ በ1864 በራሱ ሕግ ሲያስቀር ነው። ያንን ሁሉ ሞት አጠገባቸው ያዩ ሰዎች ሁለት ዓመት ተጨማሪ ባሪያ ሆነው ቆዩ። በሯ ተዘግቶ ነበር፣ ጋሼ ደጁን ሳሙት። "ቤተክርስቲያን አይደል?" አሉኝ።

ማታ ያደርነው አንዲት አሮጊት ቤት ነው፣ 165 ዶላር ከቁርስ ጋር። ቤቱ ሲረገጥ ይንቋቋል፣ ሴትዮዋ ግን ደግ ናቸው፣ ጋሼን ሲያዩ ወንበር ከስር ትራስ ጨመሩ። ሁለቱ ስለ ጉልበት ሕመም አወሩ፣ እኔ አስተረጎምኩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ሹፌር ሆኜ መጥቼ ነርስ ሆኜ አደርኩ።

እሁድ፦ ቡናው፣ ድልድዩ፣ ወንዙ

ጋሼ ቤተክርስቲያን ሳይስሙ እሁድ በማለፉ ቅር ብሏቸው ተነሱ። ቁርስ ላይ እንቁላልና ስክራፕል የሚሉት ነገር ቀረበ፣ ከአሳማ ተረፍ ነው የሚሰራው፣ ጋሼ እንቁላሉን ብቻ በሉ። ከመውጣታችን በፊት ከ34 ወረድ ብሎ ያለውን የበርንሳይድ ድልድይ አየን። በ1836 የተሰራ፣ ሶስት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ፣ ስፋቱ 12 ጫማ። በውጊያው ቀን 500 የማይሞሉ የደቡብ ጦር የጆርጂያ ሰዎች ከማዶ ገደሉ ላይ ሆነው ብዙ ሺህ ጦር ሶስት ሰዓት ያህል ያቆሙበት ነው፣ ድልድዩ ጠባብ ስለሆነ። አጠገቡ ያለው የሾላ ዛፍ የሚመስል ትልቅ ዛፍ ያኔ ችግኝ ቢጤ ነበር፣ በዚያ ሰሞን በተነሳው ፎቶ ላይ ይታያል። እስከ 1966 ድረስ መኪና በላዩ ይሄድ ነበር። ጋሼ እዚህ ላይ ነው በእውነት የተደሰቱት፣ ቅስቱ ስር ገብተው በመዳፋቸው ድንጋዩን እየዳሰሱ አንድ በአንድ አዩት፣ አንዲት ፈረንጅ ልጅ ኢንጂነር ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ አዎ አልኳት።

እዛው አካባቢ አንድ ሌላ ሃውልት አለ፣ በ1903 የቆመ። ማኪንሊ የሚባለው ፕሬዝዳንት በዚህ ውጊያ ላይ የ19 ዓመት ልጅ ነበር፣ የኦሃዮ ጦር ስንቅ አቅራቢ ሳጅን፣ እናም ማንም ሳያዘው ጥይት እየተተኮሰ ትኩስ ቡናና ምግብ ይዞ እስከ ወታደሮቹ ደረሰ። ሃውልቱ ለዚያ ነው። ስተረጉምላቸው ጋሼ "ለምን?" አሉ፣ እንደገና አልኳቸው፣ "ለቡና?" አሉ። ዝም ብለው ቆዩና "እኛ ጋ ለቡና ሃውልት ቢቆም የእናትህ አያት መጀመሪያ ትቆም ነበር፣ ጣሊያን ጊዜ..." ብለው አንድ ታሪክ ጀመሩ፣ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

ከሻርፕስበርግ እስከ ወንዙ ያለው የ34 የመጨረሻ ክፍል በጣም ቆንጆ ነው፣ ወረድ ወጣ፣ ግራና ቀኝ እርሻ። መጨረሻዋ ላይ ፌሪ ሂል የሚባል ኮረብታ ላይ የቆመ ቤት አለ፣ ድሮ ባሪያዎች የሚያርሱት እርሻ ነበር፣ ከስሩ የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ፣ ከቦዩ ወዲያ ፖቶማክ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ወንዙ አንሶ አለቶቹ ይታዩ ነበር። እዚህ የነበረውን ባለ ጣሪያ የእንጨት ድልድይ በ1861 የደቡብ ጦር አቃጠለው፣ ከዓመት በኋላ ከአንቲታም ሲያፈገፍጉ ራሳቸው ድልድይ አጥተው ትንሽ ወረድ ብለው በውሃው ውስጥ በእግር ተሻገሩ። ጋሼ ይሄን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። ድልድይ የሚያቃጥል ሰው ጋር የግል ጸብ አላቸው። በ1936 ጎርፍ ሌላውን ወሰደው፣ በ1939 ተተካ፣ አሁን የተሻገርንበት በ2005 የተከፈተው ነው፣ የአሮጌዎቹ ቋሚዎች ውሃው ውስጥ ቆመው ይታያሉ።

ድልድዩን በእግር ተሻገርን፣ የእግረኛ መንገድ አለው። መሃሉ ላይ ጋሼ "34 የሚያልቀው እዚህ ነው?" አሉኝ። አይደለም። ፖቶማክ እስከ ወዲያኛው ዳር ድረስ የሜሪላንድ ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ የሚጀምረው ውሃው ሲያልቅ ነው፣ እዚያ 480 የሚባል ሌላ ቁጥር ይረከባል። "ወንዙን ሙሉ ወሰዱት? ዓባይን እንዲህ ብንል ጎጃሞች ያስቀምጡናል?" ሳቅን። ከማዶ ሼፐርድስታውን ምሳ በላን፣ ሾርባና ዳቦ ለሁለት 34 ዶላር፣ እንግዲህ እመኑኝ፣ ደረሰኙ አለኝ።

ማይሉን ሳየው 11 መሆን የነበረበት 39 ሆኗል፣ ወደ ኋላ እየተመለስን ስንት ቱቦ አይተን። መመለሻውን በትልቁ መንገድ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ጋሼ ሙሉውን ተኙ።

ሳምንት ቆይቶ እዚሁ ዲሲ አጠገብ ደለስ ኤርፖርት ሸኘኋቸው። ሻንጣቸው ሚዛኑ ላይ ሲወጣ 24.6 ኪሎ፣ የሚፈቀደው 23። ወለሉ ላይ ከፍቼ ለልጅ ልጃቸው የገዛሁትን ጂንስ፣ ሁለት ሻምፑ፣ አንድ ጫማ ሳወጣ ከስር በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ፣ ስፈታው እፍኝ ጠጠር፣ ዲች ውስጥ የገባንበት ቦታ ያነሷቸው፣ ከነሱ ጋር ደግሞ ከኔ ቁም ሳጥን የጠፋው የሽቦ መስቀያ ተቆርጦ የተጠማዘዘ ቀለበት። "ጋሼ ይሄን እናውጣ፣ ድንጋይ እኮ ነው" አልኳቸው። ቀለበቷን ተቀበሉኝ፣ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አሳለፉባት፣ ከኋላ ሰልፉ ቆሞ እያየ። ሁሉም አለፉ። ጂንሱ ቀረ።